በምሥራቅ ሎንዶን የትንንሽ አውቶሞቢሎችን ፈለግ ተከትሎ

አንባብያን ሆይ፤ ሎንዶንን አይቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ትልቁ ሰዓትና ስለ ቴምዝ ወንዝ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ አልወስዳችሁም። የምወስዳችሁ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ አገር ጎብኚ እምብዛም ወደማይደርስበት ወደ ሃክኒ ሠፈር ነው። የምንፈልገውም ከጣት የማይረዝም የመጫወቻ አውቶሞቢል፣ በእርሱም ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የቀለም ጠብታ ነው።

«ይህማ የልጅ ጨዋታ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለመምህራን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ምክንያት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ እንደዚሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን በዚያች ጠብታ ምክንያት አርባ ፓውንድ ከከሰርሁና አንድ ትልቅ ትምህርት ካገኘሁ በኋላ አሳቤን ለውጫለሁ።

ጉዟችንን ከቤትናል ግሪን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እንጀምር። ከጣቢያው ስትወጡ በአጠገቡ የልጆች ቤተ መዘክር ታገኛላችሁ። ሕንፃው ለሕዝብ የተከፈተው በ1872 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የብረት አጥንቱም ከሌላ ሠፈር ተነቅሎ የመጣ ነው። በ2023 ዓ.ም. ታድሶ «ያንግ ቪ ኤንድ ኤ» በሚል ስም እንደገና ተከፍቷል። መግቢያው በነጻ ስለ ሆነ፣ የተማሪንም ሆነ የጀማሪ ጸሐፊን ኪስ አይጎዳም። በየዘመኑ ልጆች የተጫወቱባቸውን ዕቃዎች ተዘዋውራችሁ ከተመለከታችሁ በኋላ፣ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሆመርተን እንሂድ። በመንገድም ሳለን ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1947 ዓ.ም. ነው። ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የሚባሉ፣ በትምህርት ቤት ጓደኛሞች የነበሩና በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሁለት ሰዎች በሰሜን ሎንዶን ሰው በለቀቀው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ብረት አቅልጦ ቅርጽ የማውጣት ሥራ ጀመሩ። የቤተ ሰብ ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘመዳሞች አልነበሩም። ከሌስሊ መጀመሪያውን፣ ከሮድኒ መጨረሻውን ወስደው ማኅበራቸውን «ሌስኒ» አሉት። ጃክ ኦዴል የተባለ ብልኅ የእጅ ባለሙያም ተጨመረላቸው።

የኦዴል ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት ከክብሪት ሣጥን የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መምጣትን ይከለክል ነበር። አባትየው የመንገድ መዳመጫ መኪና እጅግ አሳንሶ ሠራና በክብሪት ሣጥን ከቶ ሰጣት። የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ «ለእኛም» አሉ። እንዲህ ሆኖ በ1953 ዓ.ም. «ማችቦክስ»፣ ማለት «የክብሪት ሣጥን» የተባሉት አውቶሞቢሎች ለገበያ ወጡ። በዚያው ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስለ ጫኑ፣ ማኅበሩ የሠራው ትንሹ የንግሥት ሠረገላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

አሁን ወደ ቀለሙ ጉዳይ እንመለስ። ዚንክ የሚበዛበት ቅልጥ ብረት በኃይል እየተገፋ ወደ ፎርማ ይገባና ወዲያው ይረጋል። ከዚያም አካሉ በሙሉ ቀለም ተረጭቶ ይደርቃል። የቀረው ጌጡ ነው፤ ይኸውም የፊት መብራቱ፣ የራዲያተሩ ፍርግርግና ፓራውልቱ ነው። ይህ ክፍል በቀድሞው ዘመን የብር ወይም የወርቅ መልክ ባለው ቀለም በብሩሽ በእጅ ይነካ፣ ወይም ቀዳዳ ያለው የብረት ጭንብል ተደርጎበት ይረጭ ነበር። እጅ ባለበት ደግሞ ልዩነት አለ። አንዷ ሠራተኛ መብራቱን ብቻ ትነካለች፤ ሌላይቱ ፓራውልቱን ትጨምራለች። የወርቁ ቀለም ቀርቶ በብሩ ይተካል። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ሳይመለከት መኪናውን በወለል ላይ ይነዳል።

ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያንኑ ልጁ ያልተመለከተውን ነው። ለምሳሌ 17ኛው ቁጥር የቤት ዕቃ ማጓጓዣ ቤድፎርድ ካሚዮን በውኃ ሰማያዊ፣ በጠቆረ ቀይና በአረንጓዴ ቀለም ወጥቷል። 11ኛው ቁጥር የነዳጅ ቦቴ በቢጫና በቀይ በብዛት ይገኛል፤ አረንጓዴው ግን ብርቅ ነው። በ1956 ዓ.ም. «የትናንት ሞዴሎች» በሚል ስም መውጣት ከጀመሩት መካከል የመጀመሪያው፣ በእንፋሎት የሚሄደው ጎታች መኪና፣ የእሳት ማንደጃው በር አንዳንዱ በመዳብ፣ አንዳንዱ በወርቅ መልክ ተቀብቷል፤ የመንኰራኵሩም ጥርስ አንዳንዱ ቀለም አለው፣ አንዳንዱ ባዶ ብረት ነው። ጎማዎቹ እንኳ ዘመናቸውን ይናገራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ብረት፣ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ከዚያም ጥቁር ፕላስቲክ ናቸው።

እነሆ ሆመርተን ደረስን። ወደ ሊ ወንዝ አቅጣጫ በእግር ስትሄዱ፣ በቦዩ ዳር ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ይታዩአችኋል። የሌስኒ ትልቁ ፋብሪካ የቆመው በዚህ ነበር። አሜሪካኖች በ1968 ዓ.ም. «ሆት ዊልስ» የተባሉ ፈጣን መኪናዎችን ባወጡ ጊዜ ሌስኒ በማግሥቱ ዓመት ቀጫጭን ጎማ ያላቸውን አውጥቶ ተወዳደረ፤ ይሁን እንጂ በ1982 ዓ.ም. ከሰረ። ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. የሆት ዊልስ ባለቤት በሆነው ማቴል እጅ ገባ። ፋብሪካው በ2010 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በቦታው የተሠሩት ቤቶች «ማችሜከርስ ዎርፍ» ይባላሉ። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ የሥራ ጫጫታ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ከማዶ ባለው ሰፊ የሃክኒ ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ በቦዩም ላይ ጀልባዎች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። የእነዚያ ሠራተኞች የእጅ ሥራ የሚታየው በሜዳውም፣ በሕንፃውም አይደለም፤ በየሰው መደርደሪያ ላይ ባሉት ትንንሽ መብራቶች ላይ ነው።

በማግሥቱ እሑድ በአንድ አዳራሽ ወደ ተዘረጋ የድሮ መጫወቻ ገበያ ሄድሁ። አንድ ነጋዴ ፍርግርጉ በወርቅ ቀለም የሚያበራ ጠቁሮ የቀላ 17ኛ ቁጥር ካሚዮን አሳየኝና «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ ማንም አልነካውም» አለኝ። አርባ ፓውንድ ከፍዬ ደስ እያለኝ ስወጣ፣ በበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በአጉሊ መነጽር ጥቂት ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ጭረት ታየሃለህ?» አሉኝ። በፍርግርጉ ጥግ ላይ አካሉ ተልጦ ብረቱ የወጣበት ትንሽ ቦታ ነበር። የወርቁ ቀለም በጭረቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ሸፍኖታል። ፋብሪካው የቀባው ልጅ ከመጣሉ በፊት ነው፤ ጭረቱ የመጣው ልጅ ከጣለው በኋላ ነው። እንግዲህ ወርቁ ከጭረቱ በኋላ የመጣ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ሽማግሌው እናታቸው በዚያ ፋብሪካ ቀለም ክፍል እንደ ሠሩና ማታ ሲመለሱ ጥፍራቸው በብር ቀለም ያበራ እንደ ነበር ነገሩኝ። ያዘኑትም ለእኔ ገንዘብ አልነበረም። «ጭረቱን ቢተውት ኖሮ የእናቴን እጅ ታይ ነበር» አሉ።

ወደ ነጋዴው ብመለስ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። በዚያች ሰዓት አንድ ክፉ አሳብ መጣብኝ። በአዳራሹ ውስጥ እንደ እኔ የማያውቁ ብዙ ገዢዎች ነበሩ፤ ለእኔ የተነገረኝን ቃል ደግሜ ለአንዱ ብናገር አርባው ፓውንድ ይመለሳል። አንድ ልጅ አባቱን እጁን ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲሄድ በእጄ ያለውን ካሚዮን አየና ቆመ። «ይሸጣል?» አለኝ አባትየው። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያም ጭረቱን አሳየሁትና የሰማሁትን ነገርሁት። ልጁ «እኔስ ለመጫወት ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን። አባትየው ግን አመስግኖኝ ሄደ፤ ካሚዮኑም በእኔ ዘንድ ቀረ።

አሁን በመምህር ጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል። ተማሪዎቼ የሠሩትን ስሕተት በምላጭ ፍቀው በላዩ ሲጽፉ ባገኘኋቸው ጊዜ ካሚዮኑን አሳያቸዋለሁ። የተሳሳተ መልስ ምን እንዳሰቡ ይነግረኛል፤ የተፋቀው ግን አንዳች አይነግረኝም።

አንባብያን ሆይ፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሠራ፣ ለጎማውም ቆርኪ የቀጠቀጠ ይኖራል። ያ መኪና ከጎረቤት ልጅ መኪና ጋር ፈጽሞ አንድ አልነበረም፤ የማን እጅ እንደ ሠራው የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ፋብሪካ ግን በሺህ የሚቈጠረውን አንድ ዓይነት ለማድረግ ደክሞ፣ በመጨረሻ በጠብታ ቀለም ላይ የሰውን እጅ ሊያስቀር አልቻለም። ከመሳቢያችሁ የድሮ መጫወቻ ቢወጣ አደራ፣ ብሩሽ አታንሡበት። ሎንዶን ለመሄድ ዕድል ያጋጠማችሁ እንደ ሆነም፣ ትልቁን ሰዓት ካያችሁ በኋላ ከጊዜያችሁ ግማሽ ቀን ለሃክኒ ስጡ፤ አጉሊ መነጽርም ይዛችሁ ሂዱ።