የሰማንያዎቹ ሬዲዮ በደሃና ጆሮ

ለንደን ውስጥ ሬዲዮ በዐሥር ዓመት በዐሥር ዓመት ተከፋፍሎ ይሰማል ብል በአገሬ በደሃና፣ አምደወርቅ ላይ የሚያምነኝ የለም። ነገሩ ግን እንዲያ ነው። ዲጂታል ስርጭት በአንድ የአየር ሞገድ ብዙ ጣቢያ አጭቆ ስለሚያልፍ፣ ለአንድ ዘመን ዘፈን ብቻ ጣቢያ መክፈት እንደ ኤፍኤሙ አይከብድም። አብሶሉት ሬዲዮ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «አብሶሉት ኤይቲስ» የተባለውን ጣቢያ ከፈተ። የሌሎች ዘመናት እኅት ጣቢያዎችም አሉት። ብልሃታቸው ያስቀኛል፦ ጠዋት አንድ አቅራቢ ለሁሉም ያወራል፤ ወሬው ሲያበቃ እያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱን ዘመን ዘፈን ያስገባል። አንድ ቀልድ ለስንት ትውልድ!

እነሱ ሰማንያዎቹ የሚሉት በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. ያለውን ነው። ጣቢያው ያንን ዘመን የዳንስና የፍቅር ዘመን አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ያረፍኩበት ቤት ኩሽና ውስጥ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። ዜማዎቹ ደስ ይላሉ፣ አልዋሽም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም በሰዓት እላፊ ሥር ሆና የሮሃ ባንድን ካሴት ስታዳምጥ ነበር። እኔ የመጣሁበት አገር ግን ያን ዘመን በዘፈን አይጠራውም። በረሃቡ ዓመት፣ «ሰባ ሰባት» ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ኅዳር ሲገባ የፈረንጅ ገና ዘፈኖች ሬዲዮውን ይወርሩታል። ከነሱ መካከል በየዓመቱ የማይቀረው የባንድ ኤይድ ዘፈን ነው። ርእሱ ጥያቄ ነው፤ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ይላል። አክስቴ በ77 ከደሃና ተነሥታ በእግሯ ኮረም የእርዳታ ጣቢያ የገባች ሴት ናት። ዛሬ ከልጇ ጋር ለንደን ትኖራለች። ዘፈኑ ሲመጣ፣

«ምንድን ነው የሚለው ይሄ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«እናንተን ነው፤ ኮረም የነበራችሁትን።»

ሽንኩርቷን መላጥ ሳታቆም፣ «ጾም ላይ ነበርን በላቸዋ!» አለች።

ቀኑን አመሳከርኩት። ቢቢሲ የማይክል በርክን የረሃብ ዘገባ ከኮረም ያሳየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዘገባውን ያየው ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈኑን ደረሰ፤ የዘመኑን ታዋቂ ዘፋኞች «ባንድ ኤይድ» ብለው ሰብስበው የቀረጹት ኅዳር 16 ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15። ለንደን ላይ «ያውቃሉ ወይ» ተብሎ ሲዘፈን፣ ደሃና ባለችበት በዋግ ጾሙ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በዚያ ላይ ከዋግ አጠገብ ላሊበላ አለ፤ ገናን ለማክበር ሕዝብ ከየአገሩ የሚጎርፍበት።

አንድ ቅዳሜ ዘፈኑ የተቀረጸበትን ቤት ላየው ሄድኩ። ኖቲንግ ሂል ውስጥ ቤዚንግ ስትሪት የምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ስቱዲዮ ከመሆኑ በፊት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከውጭ ሆኜ ቆሜ አየሁት። ጸሎት የቀረበት ቤት ውስጥ ገብተው ጸሎት ያልቀረበበትን አገር ነው የጠየቁት።

አክስቴ ግን ዘፈኑን አትጠላውም። «ስንዴው መጥቷል» ትላለች፤ ክርክሩ እሷ ዘንድ በዚህ ያበቃል። እኔ ደግሞ ስንዴውን ሳልክድ ግጥሙን እከሳለሁ። የኢትዮጵያን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም፤ ሁሉንም በአንድ ቃል አፍሪካ ይለዋል። ወንዝ የማይፈስበት ምድር አድርጎም ይሥለዋል፤ ተከዜን የነገረው የለም። ጦርነቱንም ጨርሶ አያውቀውም። ያኔ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ሆኖ፣ ደርግና ታጣቂዎች የሚዋጉበት ምድር ነበር። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው፤ ግን ገበያውንና መንገዱን የዘጋው ሰማይ አይደለም። ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱንና የኢሠፓን ምሥረታ አዲስ አበባ ላይ በድግስ ያከበረው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነበር። ከዚያም ሰፈራ መጣ፤ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተጫነ።

ከገና ዘፈኑ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዘ ካርስ የሚባል የአሜሪካ ባንድ «ድራይቭ» የተሰኘ ቀዝቀዝ ያለ የፍቅር ዘፈን አለው፤ አብሶሉት ኤይቲስም ያጫውተዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለረሃቡ እርዳታ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ዴቪድ ቦዊ ከተመደቡለት ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በዚህ ዜማ የታጀበ የኢትዮጵያ ረሃብ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ ሰው አለቀሰ። ዛሬ ዘፈኑ ወደ ፍቅሩ ተመልሷል፤ አቅራቢው ስሙን ጠርቶ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል። የዘመን ጣቢያ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ይመስለኛል፦ ዜማውን ያስቀራል፣ ለምን እንደተለቀሰ ይጥላል።

ደሃና ቢሆን እንዲህ ያለ ጣቢያ በምን ይከፈታል? እኛ ዘፈን የምንለየው በወር ነው። ነሐሴ 16 ሲደርስ ሻደይ ነው፣ ልጃገረዶች የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ፤ ታኅሣሥ ላይ የገና ጨዋታ፤ ጥር ላይ ሠርግ። የሻደይን ዜማ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። ዓመቱን የምንቆጥረው በመከራ ነው፦ ክፉ ቀን፣ ሰባ ሰባት።

በ2024 እ.ኤ.አ. የባንድ ኤይድ ዘፈን አርባኛ ዓመቱን ሲይዝ እንደገና ተቀናብሮ ወጣ። ትውልደ ጋናዊው ዘፋኝ ፊዩዝ ኦዲጂ አፍሪካን አዋራጅ ነው ብሎ ነቀፈው፤ ኤድ ሺራንም የቀድሞ ድምፁ ያለ ፈቃዱ መግባቱን ተናገረ። ክርክሩን ሬዲዮው ሲያወራ ሰማሁት። ኮረም የነበረ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም።

በአምደወርቅ፣ በሰቆጣ፣ በአስከተማ ያላችሁ ወጣቶች፦ በ77 ልጃገረድ የነበሩት ዛሬ አያቶቻችሁ ናቸው፤ የስልካችሁ መቅጃም በእጃችሁ ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሻደይ ወጥተው እንደሆነ ጠይቋቸው። ወጥተው ከሆነ ምን እንደዘፈኑ፣ በአማርኛም በኽምጥኛም፣ ከነዜማው ቅዱት።