ከታክሲው ኋላ ያለው ኪቦርድ

ሙዚቀኛ ሲያረጅ የፈጠራ እሳቱ ይዳፈናል እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ስሟገት ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሙግቱ የራሴ ጉዳይ ነበር፤ ገና በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ ግጥም ከጻፍኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ሰበቤ የባንኩ መስኮት ነው።

ኃይሉ መርጊያን ያወቅኋቸው ዘግይቼ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸው ግን ከመኪናው የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ አይለይም ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ1985 ብቻቸውን የቀረጹት ካሴት በ2013 ዳግም ታተመ፤ በ2018 ደግሞ፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

እዚህ ኮንጋ ያረጀ ቡና ይጎነደላል፤ እስኪያገግም ድረስ ፍሬ አምጣ አይባልም። ዝምታዬን በዚህ ላመካኝ ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም፤ እሳቸው በዝምታቸው ዘመን ጣታቸው አላረፈም፤ የእኔ ግን አርፏል።

ትናንት ወረፋው ሲሳሳ፣ በተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። ቤት አይመቱም። ቅጹን ግን አልቀደድኩትም።