ድርጅቱ ሲዘጋ ኮዱ ለማን ይቀራል?

የዱቤ መዝገባችንን የምንይዝበት የስልክ መተግበሪያ ባለቤት ሊዘጋ ነው ተባልን። እኛ የሞያሌ ነጋዴዎች ካሣ አልጠየቅንም፤ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ ልቀቁልን አልን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን መሥሪያ የያዘው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ከባለሀብቶቹ አስለቀቁ፤ ዛሬም ይሠራል።

ኮዱ ይከፈት ስንል መዝገቡ ይከፈት ማለታችን አይደለም። የደንበኛ ስምና ዕዳ ምስጢር ነው፤ ለየባለቤቱ ይመለስ። ኮድም ብቻውን አይበቃም፤ ሰርቨር መከራየት፣ የሚጠግን ባለሙያ መቅጠር ያስፈልጋል። ለዚያ እንደ ዕድር በየወሩ እናዋጣለን። ድርጅቱ ቢዘጋም ሱቃችን አልተዘጋም፤ ዱቤውም ገና አልተከፈለም።