በገዛ እጅ የተበተነ ዕድል

አሜሪካ ውስጥ ሲጋራን ከወጣቱ እጅ ለማስጣል ስንት ተለፋ! ቀረጥ ተጨመረ፣ ማስታወቂያ ታገደ፣ ከትንባሆ ኩባንያዎች ጋር ዓመታት የፈጀ ሙግት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 36.4 በመቶው ያጨስ ነበር፤ በ2017 ግን 8.8 በመቶ ብቻ ቀረ። ትንሽ ቢገፋበት ኖሮ ኒኮቲንን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ እናይ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እዚያ ጫፍ ከተደረሰ በኋላ መበተኑ።

በ2015 ጁል የተባለው ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ገበያ ላይ ወጣ። መልኩ ቁርጥ ፍላሽ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገውም ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ። እናት ልብስ ልታጥብ ኪስ ስትፈትሽ ብታገኘው፣ የትምህርት ዕቃ መስሏት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥለታለች። ሽታው ያኔ ማንጎ ማንጎ ይል ነበር። ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ተዋህዶ ስለሚሠራ ጉሮሮ አይከረክርም፤ ድሮ ጀማሪውን አስሎ ያባርረው የነበረው ምሬት የለም። ልጁ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ፣ በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ ይስበዋል።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2016 ቬፕን በሥልጣኑ ሥር አስገብቶ፣ ኩባንያዎቹ ምርታቸውን ለግምገማ የሚያቀርቡበትን ቀን ቆርጦ ነበር። በ2017 ግን ቀነ ገደቡን ከ2018 ወደ 2022 ገፋው። የኤፍዲኤ ኃላፊዎች ቬፕ አዋቂ አጫሾችን ከሲጋራ ያላቅቅ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። አጫሹን እናድናለን ሲሉ፣ ሲጋራ ነክቶ የማያውቀውን ልጅ አሳልፈው ሰጡ! በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ቬፕ ተጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ነው ሩጫው የመጣው። የመሸጫ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ አለ፤ ጁል በ2022 ከ30 በላይ ለሚሆኑ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያው ኢትዮጵያ እንኳ በራሷ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 የቬፕን ሽያጭ ከልክላለች። ላቦራቶሪና ባለሙያ የሞላት አሜሪካ ምን ጎድሏት ነው?

ዛሬ የተማሪዎቹ ቁጥር ቀንሷል፤ ደግ ነው። የያኔዎቹ ልጆች ግን አሁን ዩኒቨርሲቲና ሥራ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ማቆም እየፈለጉ አቅቷቸዋል። ያ ሁሉ ልፋት የተለፋው እኮ ለእነሱ ነበር።