ለዕቃም ካርድ ይወጣለታል

ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት ከኋላዎ ትተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና በር ሲያልፉ፣ ከዛፎቹ ማዶ የሚታየው ቤት የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተረሸኑትም በዚሁ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ያለው እዚያው ነው። ደጁ ላይ ጣሊያን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ ዓመት መቁጠሪያ ነበር። አሁን ጫፉ ላይ የእኛ አንበሳ ተቀምጦበታል።

እኔን ዘንድሮ ወደዚያ የወሰደችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። የቅርስ አስተዳደር ተማሪ ስትሆን፣ «ኢንተርንሺፕ» የሚሉትን የተግባር ልምምድ በሙዚየሙ ታደርጋለች። ነገሩ ለአባቷ አልተዋጠለትም። «ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ አሮጌ ዕቃ ልትቆጥርልኝ ነው?» አለ። ማታ ማታ አካውንቲንግ እንድትማር ሊያስመዘግባት ቀጠሮ ይዟል። «እስቲ እህቴ፣ አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ። ሄደሽ እይና፣ ሥራ ከሆነ ሥራ ነው በዪኝ» ብሎ ላከኝ።

ሙዚየሙ ዕቃውን የደረደረው በሰው ዕድሜ ተራ ነው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ከፍ ብሎ ሥዕላቱና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ አሉ። የጃንሆይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም ተጠብቀው ይታያሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን በማዋለጃ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ከልደቱ ዘንድ እግሬ አልነቀል አለ።

እዚያው ቆመን ልጅቷ ስለ ብራና ክታብ አጫወተችኝ። እንደ ጥቅል ሆኖ የሚያዘው ክታብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ በጸሎቱ መሀል የባለቤቱ ስም ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው፤ ከደም መፍሰስ፣ ከዓይነ ጥላ፣ ከሾተላይ እንዲጠብቁ የተጻፉ። በሕክምና ቤት ሾተላይን የምናውቀው በደም ዓይነት ነው። የእናትየዋ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ ወዲያ ግን የእናት ሰውነት የሚመጣውን ፅንስ ደም መዋጋት ይጀምራል። ዛሬ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይከላከለዋል። መርፌው ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችን የነበራቸው ብራናው ነው።

የልጅቷ ሥራ ከመስተዋቱ ኋላ ነው። አንድ ዕቃ ሙዚየም ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ካርድ ይወጣለታል። ከምን እንደተሠራ፣ ቁመትና ስፋቱ፣ ከማን እጅ፣ ከየት አገር፣ መቼ እንደመጣ ይጻፋል። የተሰነጠቀ ወይም ብል የበላው ቦታ ካለ እሱም ይመዘገባል። የብር መስቀል በጓንት ይያዛል፤ የእጅ ላብ ያጠቁረዋልና። ብራና ግን በታጠበና በደረቀ እጅ ነው፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ጠርዙን ሊቀድ ይችላል። ዕቃው አጠገብ እስክሪብቶ አይቀርብም፤ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። ብል የገባበትን ጨርቅ መርዝ ከመርጨት ይልቅ በፕላስቲክ አሽጎ በከባድ ቅዝቃዜ ማቆየት ይመረጣል። ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ። እጅ መታጠብ፣ ጓንት፣ ካርድ፣ ቁጥር፣ ሲገባ የነበረበት ሁኔታ… እኔ የማውቀው ዎርድ ነው።

የበሽተኛ ካርድ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሕክምና ሰው ያውቃል። ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ምን እንደታመመ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው የሚናገር ግን የለም። ካርድ የሌለው ዕቃም እንደዚያው ነው።

ልጅቷ የሙዚየሙን ዕቃ ከመንካቷ በፊት ከቤት ላለ አንድ ዕቃ ካርድ እንድታወጣ ታዛ ነበር። እኔ ሣጥን ውስጥ ያለውን የእናቴን አንቀልባ መረጠች። አንድ ቅዳሜ ሜትርና እርሳስ ይዛ መጣች።

«ከምን ቆዳ ነው አክስቴ?» የበግ ነው።

«ማን ሠራው?» ቆዳውን አያቴ አለፋው፤ ዛጎሉን እናቴ ሰፋችበት።

«ስንት ልጅ ታዘለበት?»

ሁለት፤ እኔና አባቷ። ከእኛ በኋላ እናቴ ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ገላቸው ቢጫ ሆኖ አለፉ። ጎረቤቱ ሾተላይ ነው አለ። ለክርስትና ስላልደረሱ ስም አልወጣላቸውም። አንቀልባው ሁለቱንም ጊዜ ቅቤ ተቀብቶ፣ ለስልሶ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቅ አስታውሳለሁ።

ልጅቷ እርሳሷን አቁማ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «አገልግሎት» ከሚለው ሥር «ሁለት ልጆች ታዝለውበታል፤ ለሌሎች ሁለት ተዘጋጅቶ ነበር» ብላ ጻፈች። እነዚያ ሕፃናት ወረቀት ላይ ሲነሡ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ካርዱን ለወንድሜ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ትንሽ ስለነበር የሚያስታውሰው የኋለኛውን ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሥራ ነው» ብዬ የላከኝን መለስኩለት። ስለ አካውንቲንጉ ያለው ነገር የለም፤ የምዝገባው ቀጠሮ ግን አልፏል።

ሙዚየሙን ያላያችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ደግሞ የቤታችሁን ሣጥን ክፈቱ። ታላላቆቻችሁ በሕይወት ካሉ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተጠቀመበት ጠይቁ። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉና ከዕቃው ጋር አስቀምጡት፤ ዕቃው ላይ ግን አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ። ቆዳ ከሆነ በፌስታል አትቋጥሩት፤ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት።