ለልጄ፣ ወደ አዲስ አበባ ለምትነሺው

ገዳሪፍ

ልጄ፣

ፊት ለፊት ብነግርሽ ሁለታችንም ማልቀሳችን ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን፤ ሳትነሺ አንብቢው።

ሐኪሙ የጡት ካንሰር ነው ብሎሻል። እዚህ ሰፈራችን ሰው እንዳይሰማ እየተባለ እብጠቷን በቶብ ልብሷ ሸፍና ዓመት ያስቆጠረች ሴት አይቻለሁ። የጎዳት ከበሽታው ይልቅ ያ ዓመት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም፤ ልጅሽን ማቀፍ አትፍሪ።

ለአገር ሁሉ ንገሪ ግን አላልኩም። እኛ ሐበሾች መጠየቅ እናውቃለን፣ ማስታመም ላይ ግን አንዳንዴ እንሳሳታለን። ገና በሕይወት ያለሽን ከብበው ለቅሶ የሚቀመጡ አሉ። እነሱን በእኔ በኩል አሳልፊያቸው፣ ቡና አፍልቼ እሸኛቸዋለሁ። አንቺ የምትፈልጊው ሥራ የሚቀበልሽን ሰው ነው። «ምን ላግዝሽ?» ያለሽን «ምንም» ብለሽ አትመልሺው። አንዷ ልጁን ትምህርት ቤት ታድርስ፣ አንዷ ካርድ ለማውጣት በሌሊት ትሰለፍ፣ አንዷ አጥሚት ታምጣልሽ። ሥራ የተሰጠው ሰው ይመለሳል፤ ሊያዝን ብቻ የመጣው ግን አንዴ አዝኖ ይቀራል።

ባልሽ ዝም ያለው ስላልገደው አይመስለኝም፣ ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ይዘሽው ግቢ፤ የሚባለውን እሱ ይጻፍ። ካንሰር የሚለውን የሰማ ጆሮ ከዚያ በኋላ የሚባለውን አይሰማም፣ አንቺም ያን ቀን ምንም እንዳልሰማሽ ነግረሽኛል።

«ለምን እዚሁ ሱዳን አልታከምም?» ብለሽኝ ነበር። እዚህ ያለው የምሥራቅ የካንሰር ማዕከል ኬሞ ይሰጣል፤ ጨረር ግን የለውም። ድሮ ጨረር ያስፈለገው ካርቱም ወይም ወድ መደኒ ይሄድ ነበር። ዶክተር ሃንያ ፋድል በ2010 እ.ኤ.አ. የከፈተችው የጡት ሕክምና ማዕከልም ካርቱም ነበር፣ ለሴቶች ተብሎ የተሠራ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ካርቱም የሚታከሙት ተበተኑ፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ ደግሞ ወድ መደኒ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ለጨረር ሰው መላክ የጀመረው በሰሜን ወደ መረዌ ነው፤ ከዚህ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ። ለእኛ መተማ ይቀርባል፣ ቋንቋውም የራሳችን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከሾፌሮቹ ሳታጣሪ አትነሺ። ጎንደር ከደረስሽ ከአዘዞ በአውሮፕላን ሂጂ፣ ለዚያ የሚሆን ብር ከእቁቡ አውጥቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ስላለው፣ ወደ አዲስ አበባ መቀጠል ካልቻልሽ እዚያው ኬሞ መጀመር እንደሚቻል ጠይቂ።

አሁን ስለ ወረቀት። ከልብስሽ በፊት እሱን አስቢ። የናሙናው ውጤት ላይ የዕጢው ዓይነት፣ ሆርሞን ይቀበል አይቀበል፣ ኸር-ቱ የሚባለው ምርመራም ተሠርቶ ከሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ ሐኪሞቹ መድኃኒት የሚመርጡት ከዚያ ነው። ሆርሞን የሚቀበል ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት፣ ሊያዝልሽ ይችላል። እሱን እየወሰድሽ ማርገዝ የለም፣ ይህን ለባልሽም ንገሪው። ከላቦራቶሪው በሰም የተቀመጠውን ናሙናም ጠይቀሽ ውሰጂ፤ ምርመራው መደገም ካለበት ሁለተኛ ከመወጋት ያድንሻል። ስምሽን ደግሞ አስተያዪ። እዚህ በዐረብኛ የጻፉት፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውና ውጤቱ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ ካርድ ክፍል ቀንሽን ይበሉታል። ሳትሄጂ አስተካክዪው።

ሌላ የምፈራልሽ ነገር ትኩሳት ነው። እኛ የገዳሪፍና የመተማ ሰዎች ሰውነታችን ሲግል ወባ ነው ብለን ከፋርማሲ ኪኒን ገዝተን እንውጣለን። ኬሞ ላይ ሆነሽ ይህን አታድርጊ! ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ቴርሞሜትር ግዢ፤ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂና መጀመሪያ «ኬሞ ላይ ነኝ» በያቸው። ወባውን እነሱ ይመርምሩት። የፀጉር መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፣ መልሶ ግን ይበቅላል። ሻሽ ሞልቶልሻል።

ጸበል አልከለክልሽም፣ እኔም እጸልያለሁ። ጸበል ጀመርኩ ብሎ ቀጠሮ መተው ግን ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ አላውቅም። ለሐኪሙ የማትነግሪው ሥራ ሥርና ቅጠል ደግሞ ይቅርብሽ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ቦታ ነበር፣ ወረፋውም የታወቀ ነው። አሁን ጅማና ሐረርም አለ። ተራ እስኪደርስሽ በመሃል ምን መውሰድ እንዳለብሽ ሳትጠይቂ ከክፍሉ እንዳትወጪ። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ የሚባለውንም ፈልጊ፤ በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በስሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ነው፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ እንዳላቸውም አውቃለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደግሞ ካንቺ በዙር የቀደመች ሴት አጠገብ ተቀመጪ። ማቅለሽለሹን በምን እንዳስታገሰች፣ በየትኛው ሰዓት መምጣት እንደሚሻል፣ ሐኪም የማይነግርሽን እሷ ትነግርሻለች። ስልኳን ተቀበያት።

ቀዶ ጥገና ከተደረገልሽ በዚያ በኩል ባለው ክንድ ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ጀሪካን አታንሺ፤ እጅሽን በግድግዳ ላይ ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ ማውጣቱን ግን ያሳዩሻል፣ ሳትሰንፊ ሥሪው።

ልጁ እኔ ዘንድ ነው፤ እናቱ ታማ ልትታከም እንደምትሄድ ነግሬዋለሁ። ስትደውዪ ለእሱም ይህንኑ ድገሚለት፣ ገበያ ሄደች አንበል። መተማ ዮሐንስ ስትገቢ ሲም አውጪና ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ማታ ቡናዬን ሸጬ ስገባ እደውላለሁ።

እናትሽ