ከጉና ሥር ለሚነሣ ልጅ፦ የቁልቁለት ምክር

ቁልቁለት ላይ መኪናን ይዞ የሚያወርደው ማርሽ ነው፤ ፍሬን የሚያግዝ ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ፣ ወይም የጉና ተራራን ትከሻ ይዞ በክምር ድንጋይ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቅ አዲስ አሽከርካሪ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይዞት ሊወጣ የሚገባው እውቀት ይህ ነው። ልጁን መሪ አስይዞ የሚሸኝን ወላጅ እንቅልፍ የሚነሣው ዳገቱ አይደለም። ዳገት መኪናን ያደክማል እንጂ አያስቸኩልም።

የቁልቁለት ጠላት ሙቀት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ሁሉ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል ወይ የፍሬን ሸራው። እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሣ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል። የጋለ ሸራ ይሸታል፣ መያዙንም እየቀነሰ ይሄዳል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ ሲቆይ ግን 140 ዲግሪም ይበቃዋል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እስከ ወለሉ ይገባል። ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር «ፍሬን በጠሰ» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር በዚህ አገር ቅንጦት አይደለም።

ከባድ ነገርን ከእነዚህ ተራሮች ማውረድ የቆየ ፈተና ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን የሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ብረት የተጓዘው በሰው ጉልበት፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። እንዲህ ያለ ሸክም ዳገት ላይ ከፊት የሚስበው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከኋላ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ለዛሬው መኪና ከኋላ የሚይዘው ከባድ ማርሽ ነው።

የቤንዚን ሞተር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እግር ከቤንዚን ፔዳሉ ሲነሣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ የሚስቡት አየር ሲያጥራቸው ሞተሩ ይከብዳል፣ ጎማውንም አብሮ ይይዛል። የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው እንዲህ ባለ መዝጊያ ስለማይሠራ ለትልልቅ መኪኖች የጭስ ማውጫ ፍሬን ይገጠምላቸዋል። አዲስ አሽከርካሪን የሚያስፈራው ድምፁ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ይጮኻል፤ ልጁም ሞተሩን የጎዳ መስሎት ማርሹን ያቀልላል። የሞተር ዙር መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ ግን ያ ጩኸት የሥራ ጩኸት ነው፤ ሊያሠጋ የሚገባው ቁልቁለት ላይ ዝም ያለ ሞተር ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ መውረድ ነፍስን በጥቂት ሳንቲም መለወጥ ነው።

በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የሹፌሮች ደንብ ትክክል ነው፤ ጭነቱ ከበዛ ደግሞ ከዚያም አንድ ዝቅ ማለት ይሻላል። ማርሹ የሚያዘው ገና አናቱ ላይ፣ መኪናው ሳይፈጥን ነው። ከፈጠነ በኋላ ከባድ ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል፤ ያኔ መኪናው በፎሌ ይቀራል። አውቶማቲክ ማርሽም ከዲ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ይወርዳል። ፍጥነቱ ከማርሹ አልፎ ሲመጣ፣ ለምሳሌ 40 ሲደርስ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ወደ 30 ማውረድ፣ ከዚያም እግርን ጨርሶ ማንሣት ነው። ሸራው የሚቀዘቅዘው እግር በተነሣባት በዚያች ጊዜ ነው።

ዳገቱ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚበልጠውን ያጣል። ስለዚህ ማርሽ ቀድሞ ማክበድ፣ የሙቀት መለኪያውን ደጋግሞ ማየት፣ ከባድ ዕቃም ፖርቶ መጋላ ላይ አለማብዛት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከጋለ ከመንገድ ወጥቶ ማቆም ነው። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ከፍታ ላይ ግፊቱ የተለቀቀ ውሃ ገና 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

ክረምት ሲገባ ጉና ደመናውን መንገዱ ላይ ያወርዳል። ጭጋግ ውስጥ ደርቦ ማለፍ የለም፤ መብራቱም አጭሩ ነው፣ ረጅሙ ጭጋጉን ያነጣዋል። ከኩርባው ወዲያ በግና አህያ የሚነዳ እረኛ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይገባል፤ በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ የእግረኛ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ወራጁ ለወጪው ቢለቅ ይሻላል፤ ዳገት ላይ ከቆሙ በኋላ መነሣት ከባድ ነውና።

ፍሬን እምቢ ካለ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ማርሽ እያከበዱ መሄድ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ፣ መብራት ማብራትና ክላክስ ማሰማት ነው። ቁልፍ አይነቀልም፤ መሪው ይቆለፋል። ሌላ መላ ከጠፋ መኪናውን ከገደሉ አርቆ ጎኑን ከተራራው ግድግዳ ማስተሻሸት ነው። የመኪናው ጎን ይጠገናል።

ታች ሲደረስ የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አይደፋም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በነፋስ ይቀዝቅዝ። ቁልቁለት ላይ የሚቆም መኪና ማርሽ ይገባለታል፣ የእጅ ፍሬን ይያዝለታል፣ የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ዳር ይዞራል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል። መኪናው ሲነሣ ያ ድንጋይ አስፋልት ላይ መቅረት የለበትም። ትቶ መሄድ በየዳገቱ የሚታይ ክፉ ልማድ ነው፤ ማታ በጭጋግ የሚመጣው ሌላ ሰው አያየውም። ረዳቱ ድንጋዩን ከመንገድ አውጥቶ ሳይገባ መኪናው አይንቀሳቀስም።